ስኳር የማይጨምሩ ሰዎች

እና ደግሞ ፈርሚ ይላታል፣ ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ለይኩን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካልፈረምሽ ኮንትራትሽን በምን አሳድሳለሁ ይላል በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ መረጃ ሰብሳቢዋ ትሕትና እስክሪብቶውን አታነሳም፣ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ የስኳር መጠንና በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ምንም ግንኙነት የላቸውም ይላል፣ ማንን ከማን አነጻጽሮ? የሚጨምሩትን ስኳር አይጨምሩም ከተባሉት ከሰማንያ አራቱ ጋር ነዋ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ ሲ.ኤም.ሲ ክንዳቸውን ዘርግተው ደማቸውን ከሰጧት ጤነኛ የቢሮ ሰዎች ጋር። ሻይዎ ላይ ስኳር ይጨምራሉ? አልጨምርም። ምልክት አደረገች፣ ቀጣይ።

ማክሰኞ ነው ያየችው፣ ከቢሯቸው ሕንፃ ሥር፣ ለቢሮው ሁሉ ሻይ የሚያቀርቡት እትዬ ሙሉጌጥ ስኳሩን በጣሳ እየሰፈሩ ትልቁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይገለብጡታል፣ በየብርጭቆው ስጨምር ልዋል እንዴ ልጄ ይሏታል፣ እና ሰዉ ምኑን ይጨምር፣ ተጨምሮለት ይመጣል፣ በቀን አምስት ብርጭቆ ጠጥቶ አልጨምርም ይላል፣ አልዋሸም እኮ፣ ጥያቄው ነው የዋሸው።

ለዶክተር ለይኩን ነገረችው። ሳቀ። ጠየቅሽ፣ መለሱ፣ ዳታው ክሊን ነው፣ የሻይ ቤት ወሬ አታምጪብኝ። የሻይ ቤት ወሬ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ እየሮጠ ስኳር ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ የሚል ሰው፣ ከዚያው ማንቆርቆሪያ በፔርሙስ እየተቀዳለት፣ እሺ ዶክተር አለችው በአፏ፣ በሆዷ አንተ ደረቅ ብላዋለች፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መጠይቁ ላይ ያለው ፊርማስ የማን ነው? የሷ። ሰማንያ አራት ጊዜ። ወሰን ሰፈር ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ በሕይወቷ ሻይ ቤት ገብታ ስኳር የሌለው ሻይ ቀርቦላት የማያውቅ፣ ከውጭ የመጣ ጥያቄ ተርጉመው ሲሰጧት እንደ በቀቀን ያነበነበች፣ በሱ ላይ የነደደችው ንዴት ዞሮ ራሷን ይይዛታል፣ ታፍራለች፣ በጣም ታፍራለች።

አምስት ሰዓት ተኩል። አትፈርምም። ኮንትራቱ ይቅር። ስልኩን ታነሳለች፣ ከዝርዝሩ የመጀመሪያው አቶ ምሥጋና፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሃሎ፣ ለጥናቱ ደምዎን የወሰድኩት ልጅ ነኝ፣ ኧረ አይደንግጡ፣ በሽታ የለብዎትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጠያየቄ ስህተት ነበር፣ ሻይዎ ላይ ስኳሩን የሚጨምረው ማን ነው?



እኔ እንጃ እህቴ፣ ይላል ሰውየው፣ እንደመጣልኝ ነው የምጠጣው።

መጠይቁ ላይ ትጽፈዋለች፣ ቃል በቃል፣ ከሥሩም ትፈርማለች።