የምላስ ምርመራ

«ምላስሽን አውጪ እስቲ። እንደገና ጠቅልዪው» አለች አክስትየው፣ የታናሽ ወንድሟን የሰባት ዓመት ልጅ አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ።

ልጅቷ ምላሷን አውጥታ እንደ ቧንቧ ጠቀለለችው። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ ነገ የሚወሰድ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ነበር። ይህች ሴት መርፌ ከያዘች ለዝሆን በልኩ ኮት የምትሰፋ፣ ደመና ቢቀደድ ስፌቱ ሳይታይ የምትጥፍ ባለሙያ ናት። ትዕግሥቷ ግን ያን ያህል አይረዝምም።

ጣጣውን ያመጣችው ራሷ ልጅቷ ናት። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የቀጭኔ ምላስ ጥቁር መሆኑን፣ እስስት ከገላዋ የሚረዝም ምላስ እንደምትወረውር፣ አዞ ምላሱን ከአፉ ማውጣት እንደማይችል ስትተርክ ቆየች። ይሄ ማንንም አልጎዳም። ከዚያ የራሷን ጠቅልላ አሳየች። አክስትየው ደግሞ ምላስ መጠቅለል በዘር ብቻ ይወረሳል የሚል ነገር ስልኳ ላይ አይታ ኖሯል። የሰፈሩ ሰው «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ሬዲዮ እንኳ ባትሪው ሲያልቅ ያርፋል።

«እኛ ቤት የሚጠቀልል የለም። እናታችን አትችልም፣ እኔ አልችልም፣ ወንድሜም አይችልም። ታዲያ ይቺ ከማን አመጣችው?»

ሰፊዋ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። «እትዬ፣ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?»

«እኔ ምን አልኩ? ጠየቅሁ እንጂ።»

«መምህራችን መንታዎች እንኳ አንዱ ሲችል አንዱ ላይችል ይችላል ብላናለች» አለች ልጅቷ።

«መምህርሽ አባትሽን ታውቀዋለች?»

ባልየው በዚህ መሃል እጁን ግሪስ እንደነካው ከጋራዥ ገባ። እህቱ ሰላምታውን እንኳ ሳትመልስ ምላሱን እንዲያወጣ አዘዘችው። አወጣ። ጠቅልል ተባለ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ የጭነት መኪና በጥርሱ የሚጎትት መሰለ። ምላሱ ግን እንደ ጫማ ሶል ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ።

«አየሽ?» አለች ሬዲዮ።

ሰፊዋ ምላሷን መጠቅለል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቅበታለች። መጠቅለል ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ጠርዙን አጣጥፋ አበባ ታደርገዋለች። ተማሪ ሳለች ከሌላ ክፍል ድረስ እየመጡ ያዩላት ነበር። አሁን አንዴ ብታወጣው ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር።

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺስ? አንዴ አሳዪያትና እንገላገል።»

«አንተም?»

«እኔማ አምንሻለሁ። ለእሷ ብዬ ነው።»

«ዛሬ ለእሷ ብዬ ምላሴን ባወጣ፣ ነገ ጆሮሽን ትላለች፣ ከነገ ወዲያ የእግርሽን ጣት። ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ያላሳመንኩህን ምላሴ የሚያሳምንህ ከሆነ፣ ያገባኸው ምላሴን ነው ማለት ነው።»

«ካልቻለች አልችልም ትበላ» አለች ሬዲዮ ለጣሪያው።

«አላሳይም እትዬ። ብችልም አላሳይም፣ ባልችልም አላሳይም። የሚያምን ይመን፤ ለማያምን በሩ ክፍት ነው።»

ባልየው ልጁን አየ፣ ሚስቱን አየ። ግሪሱን ሱሪው ላይ ጠረገና የእህቱን ቦርሳ ከወንበሩ አነሳ።

«ተነሺ እቴ፣ ታክሲ ድረስ ልሸኝሽ።»

«ሳታይ?»

«ሳላይ።»

ሬዲዮ እያጉረመረመች ወጣች፤ ድምጿ ከመንገዱ ማዶ ሳይቀር ይሰማ ነበር።

«እማዬ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «እውነት ግን ትችያለሽ?»

ሰፊዋ በመስኮቱ አሻግራ አየች። የባሏ ጀርባ ከነቦርሳው ወደ መታጠፊያው ዞረ። ያን ጊዜ ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ ምላሷን አወጣችና አበባ አደረገችው። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ለአባዬ ልንገረው?»

«አትንገሪው» አለች ሰፊዋ። «ሳያይ አምኗል፤ ሳያይ ይኑር።»