የኤንትሬዋ ክሮም

ሀይሉ ከሆስፒታል ወደ ደባርቅ የተመለሰው በክራንች ተደግፎ ነው። የሚነዳት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሊማሊሞን ወርዳ ዛሪማ ሳትደርስ ፈንጂ ረግጣ ነበር። እሱ ግራ እግሩን አጣ፤ ረዳቱ ቢራራ ግን እዚያው ቀረ። ጊዜው የጦርነት ስለነበር ወታደሮች አስከሬኑን ከመንገዱ ዳር ቀብረው አለፉ። ዳባት ያሉት የቢራራ እናት ወይዘሮ ሸጊቱ ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ አላገኙም።

ሀይሉ ክረምቱን ሙሉ ስለ ቢራራ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ከረመ። መስከረም ላይ ግን ሚስቱን አምሳልን የዋንዛ ጣውላና የተሳለ ቢላ እንድታመጣለት ጠየቃት። ያን ጊዜ ደስ አላት፤ ሥራ ከያዘ ልቡ ይመለሳል ብላ። እያደር ከጣውላው ውስጥ ያቺው ኤንትሬ ብቅ አለች። ጋቢናዋ፣ የጭነት ሣጥኗ፣ ከአሮጌ በረባሶ ጫማ የተቆረጡ ጎማዎቿ፣ ሁሉም በልክ ሆኑ። ለጥየቃ የመጣ ጎረቤት ሁሉ እያገላበጠ አደነቀ።

የቀረው የፊት መከላከያዋ ነበር። የእውነተኛዋን መኪና መከላከያ ባለቤቱ አስመራ ወስዶ ክሮም አስለብጦት ስለነበር ከሩቅ ያብረቀርቅ ነበር። ሀይሉ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ ቅርጹን አወጣና ብርማ ቀለም በብሩሽ ቀባው። የብሩሹ መስመር ታየበት። ፋቀው። ደግሞ ቀባው፤ ደግሞ ፋቀው።

«ኧረ ምን ጎደለው? ያምራል እኮ» አለችው አምሳል።

«ይሄ ድስት ነው የሚመስል። ክሮም ፊት ያሳያል።»

የጋራዡ ቀለም ቀቢ ሀብተ ሚካኤል ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና የተረፈ ቀለም ሰጠው። ከጎረቤት የተባይ መድኃኒት የሚረጭበትን ፍሊት መንፊያ ተዋሰና ቀለሙን በቤንዚን አቅጥኖ ነፋው። መስመሩ ጠፋ፤ ግን አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ቤቱ በቤንዚን ሽታ ታፈነ። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን ውኃ ይረጫል፣ በሩን ይዘጋል፣ ትንፋሹን ውጦ ይነፋል። አንድ ቀን በለስ ቀንቶት ሊያምርለት ሲል አንዲት የጥጥ ብናኝ መጥታ እርጥቡ ቀለም ላይ አረፈች።

«ይሄን ጥጥሽን ከዚህ ቤት አውጪልኝ!» ብሎ ጮኸባት።

አምሳል ቀና ብላ አየችው። እግሩን ካጣ ጀምሮ ቤቱ የሚተዳደረው እሷ በምትፈትለው ጥጥ ነበር። እንዝርቷንና ጥጧን ሰብስባ ጎረቤቷ አረጋሽ ዘንድ ሄደች።

«ለእንጨት መኪና ብሎ ነው ያባረረኝ» አለቻት፤ እንባዋም መጣ። «አእምሮው አብሮ ፈንድቶ ይሆን እንዴ?»

አረጋሽ እጇን ያዘቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ አምሳል እዚያው እየዋለች ትፈትል ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በተዘጋው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ፊቷን አየችው፤ ከስቷል። ትናንት ባለቤቱ ውስጥ ሆኖ መብራት አብርቶ ሳለ ይታይ የነበረው መደርደሪያው ነው፤ ዛሬ ውስጡ ጨለማ ሲሆን እሷው ታየች። ቅያሜዋ ባይለቃትም ገብታ ነገረችው።

«መስታወት እንኳ ከጀርባው ካልጨለመ ፊት አያሳይም። አንተ ከሥሩ ምን ቀብተህለት ነው?»

ሀይሉ የቀባውን ቆርቆሮ አንስቶ አገላበጠው። በማግስቱ ሀብተ ሚካኤልን አንጸባራቂ ጥቁር ቀለም ለመነው። ጥቁሩን ነፍቶ፣ ጠንክሮ እስኪደርቅ ታገሠው፤ በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ ደግሞ ነፋው። ጥቁሩ ራሱ እንደ ኩሬ ውኃ ሲያበራ፣ ብርማውን እንደ ጉም ስስ አድርጎ አሳለፈበት፤ ሳይደጋግም ተወው።

ሲደርቅ ጠራት። አምሳል ጎንበስ አለች። የመስኮቱ ፍሬም፣ ከውጭ ያለው ባሕር ዛፍ፣ የገዛ ዓይኗ፣ አንድም እንከን ሳይኖረው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አሁን ዳባት እንሄዳለን» አላት።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው በአውቶቡስ ሄዱ። ሀይሉ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ እንደያዘው ደረሰ። ወይዘሮ ሸጊቱ ከል እንደለበሱ ተቀበሏቸው። ሀይሉ መኪናዋን ከካርቶኑ አውጥቶ መደቡ ላይ ሲያስቀምጣት ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄን የበላችውን መኪና ነው አሳምረህ ያመጣህልኝ?»

አምሳል ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሀይሉ ክራንቹን አጥብቆ ይዞ ተናገረ።

«እማማ፣ ፎቶግራፍ እንኳ የለውም ብለው ሲያለቅሱ ነበር አሉ፤ ሰምቻለሁ። እኔም የለኝም። ቢራራ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ይቺን መከላከያ በጨርቅ ይወለውላል። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ፀጉሩን ያበጥርባታል። ‹ና እንሂድ› ስለው ‹ቆይ ጋሼ፣ እናቴ ተበጥረህ ዋል ብላኛለች› ይለኛል። ሌላ የማመጣልዎ ነገር የለኝም።»

አምሳል ይህን የሰማችው ገና አሁን ነው። ያ ሁሉ መፋቅ፣ ያ ሁሉ ቁጣ ለምን እንደነበር ያኔ ገባት።

ወይዘሮ ሸጊቱ ቀስ ብለው ተጠጉ። «እውነት ብዬዋለሁ» አሉ። «ፀጉሩ ይንጨባረር ነበር። እዚህ ላይ ነው የሚያየው?» ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አዩና አውራ ጣታቸውን መከላከያው ላይ ጫኑት። የጣታቸው አሻራ ክሮሙ ላይ ቀረ። ሀይሉ አልጠረገውም።

«እዚሁ ትቀመጥልኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሀይሉ መንገዱ ሰላም በሆነ ቁጥር ዳባት ይሄድ ጀመር። ለወይዘሮ ሸጊቱ ስለ ቢራራ አንድ አንድ ነገር ይነግራቸዋል፤ ሽሬ ላይ ስለገዛው ቀበቶ፣ ዳገት ላይ ስለሚያዜመው ዜማ። ወሬው ሲያልቅበት የድሮውን ይደግመዋል፤ ሲሳሳት እሳቸው «ቀዩ ቀበቶ አልነበር?» እያሉ አብረው የዋሉ ይመስል ያርሙታል። አምሳልም አንዳንዴ እንዝርቷን ይዛ አብራው ትሄዳለች።

ወይዘሮ ሸጊቱ በሦስተኛው ዓመት የጾም ወቅት ዐረፉ። ሀይሉ ከቀብር ተመልሶ ደጁ ላይ ተቀመጠ። አምሳል ውኃ አመጣችለት፤ አልጠጣም።

«ቢራራ የሚያዜመው ዜማ እንዴት ነበር?» አለችው አጠገቡ ተቀምጣ።

ብዙ አሰበ። መጀመሪያው ጠፍቶበት ነበር፤ ከመካከሉ ጀመረላት።