ሁለት አስተርጓሚ፣ አንድ ደወል

ገብሱ እሸት ሲይዝ ሰማዩ ይጠራል። ሰማይ ሲጠራ ውርጭ ይወርዳል። መንዝ ውስጥ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት የሄደ የለም።

ልጄ ጽናት ግን ሄደች። አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ተማረች፤ አትናቴዎስ በሚባል ሰው ድርጅት ሠራች፤ ተመልሳ ሞላሌ ላይ የሬዲዮና የስልክ መጠገኛ ከፈተች። ዓምና አንዲት ሣጥን ሠርታ ማሳዬ ዳር ተከለች። ከሣጥኗ የሚወጣው ሽቦ ብርዱን ይለካል፤ ውርጭ ሲቃረብ ደወሏ ይጮኻል። በጮኸ ጊዜ ተነሥቼ እርጥብ ገለባና ኩበት አጨስሁ። ጭሱ ገብሱ ላይ ተኛ። ፀሐይ እስክትወጣ ደወሉም አላቆመ፣ እኔም አላቆምሁ። ገብሴ ተረፈ። የጎረቤቴ የጥሩሸዋ ነጥቶ ቀረ።

የጥሩሸዋ ምላስ ከማጭዷ ይሰላል። "አፈወርቅ፣ ለብቻህ የሚጮኽ ዶሮ አርብተህ እኛን በእንቅልፍ ታስፈጃለህ?" አለችኝ።

ዘንድሮ የመንደሩ ሰው ነገሩን ሊሰማ ፈቀደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይወሰናል። ሐሳቡ ይህ ነው፤ በየማሳው ሣጥን ይቆማል፤ ደወሉ ሲጮኽ ሁሉም ወጥቶ ያጨሳል፤ ያልወጣ እንደ ጓሳው፣ እንደ ጋራ የሣር መሬታችን ሕግ ይቀጣል። የአንድ ሰው ጭስ ነፋስ ይወስደዋል። የሁሉም ሲሆን ግን ይተኛል።

ለብዙ ሣጥን እንዲሆን ጽናት ለሣጥኗ የምትጽፈውን ትእዛዝ መለወጥ ነበረባት። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እንደ ነገረችኝ፣ የምትጽፈው ሲ በሚባል ቋንቋ ነው። በሣጥኗ ውስጥ ያለችው ጥፍር የምታህል ቺፕ ግን ያን ቋንቋ አትሰማም። በመካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ኮምፓይለር ይሉታል። ዓምና የተጠቀመችበት አትናቴዎስ የገዛውን ነበር። ደግ ሰው ነውና በእሱ እንድትሠራ ፈቀደላት። ዘንድሮ ውሉ አለቀ፤ ድርጅቱም አላደሰውም። ሻጮቹ ለሙከራ ብለው የሚሰጡት ደግሞ አጭር ጽሑፍ ብቻ ይተረጉማል። ሲረዝምበት እምቢ ይላል።

"ራስሽ ግዢዋ" አልኋት።

ዋጋው ከአቅሟ በላይ መሆኑን ከፊቷ አይቼ ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

"ሌላ አለ፣ አባባ" አለች። "ነፃ ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው የሠሩት። ማንም ይወስደዋል፤ ውስጡን ከፍቶ ያየዋል።"

"ባለቤት የሌለው ሣር አይበረክትም።"

"ሕግ አለው። አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ያሻሻለውንም ክፍት አድርጎ ይሰጣል። ለራሱ አጥሮ አይዘጋውም።"

"እንደ ጓሳ ነዋ።"

"እንደ ጓሳ" አለችና ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር።

ዓርብ ዕለት በነፃው አስተርጓሚ የሠራችውን ሣጥን ይዘን ወደ ሐጂራ ሱቅ ሄድን። ሐጂራ ከቆላ መጥታ ሞላሌ የምትነግድ ሴት ናት። ውርጩን ሳንጠብቅ ለመፈተን ማቀዝቀዣዋን ለመንናት።

"መንዝ ውስጥ ማቀዝቀዣ የገዛሁ ሞኝ እኔ ነኝ" አለች እየሳቀች። "ለስላሳ ያዘዘኝ ሁሉ 'አሙቂልኝ' ይለኛል። ግቡ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ሥራ ያግኝ።"

ጽናት ሽቦውን በረዶው መሐል ሰካች። በሣጥኗ መስተዋት ላይ ያለው ቁጥር ወረደ። ሁለት ሲደርስ ደወሉ ጮኸ። ሐጂራ ጆሮዋን ያዘች። አንድ ሆነ። ዜሮ ሆነ። ከዚያ ደወሉ ዝም አለ።

"እሰይ!" አለች ሐጂራ። "ጮኸ፤ ጨረሰ።"

"ለምን ዝም አለ?" አልሁ።

ጽናት መስተዋቱን አየች። ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ይላል።

"ዲግሪ?" አለች ሐጂራ። "ማቀዝቀዣዬ ነደደ በሉኛ!"

ጽናት አልሳቀችም። "ብርዱን የሚለካውን ክፍል አልለወጥሁትም፤ ዓምና ይሠራ ነበር። ነፃው ነው ያበላሸው። አትናቴዎስ ተይ ብሎኝ ነበር።"

እኔ የማስበው ሌላ ነበር። በእኛ አገር ጅብ ወይም ሌባ ሲመጣ እሪ ይባላል። እሪታ የሰማ ሁሉ ይወጣል። እሪታው ሲቆም ነገሩ አበቃ ማለት ነው፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ደወል ዝም የሚለው ብርዱ ሲብስ ነው። ሰው ጭሱን ጥሎ ይመለሳል፤ ገብሱ ያን ጊዜ ይነጣል። ከዚያ በኋላ ለልጄ ደወል የሚነሣ አይኖርም። ይህን ነገርኋት። አንገቷን ደፋች።

ከዚያም ነፃውን ለሠሩት ሰዎች በኢንተርኔት ጥያቄ ጻፈች። ከሰዓት በኋላ የማታውቀው ሰው መለሰላት። አነበበችው።

"ምን አለሽ?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ። ለቁጥሩ ቦታ ስሰጥ ከዜሮ በታች እንደሚወርድ አልጻፍሁም። የተገዛው ይወርዳል ብሎ ተረጎመልኝ። ነፃው አይወርድም ብሎ ተረጎመ፤ ከዜሮ አንድ ሲወርድ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት አድርጎ አነበበው፤ ደወሉም ሙቀት መስሎት ዝም አለ። ቋንቋው ለሁለቱም ይፈቅዳል።"

"ያልተናገርሽውን ገመቱልሽ።"

"አዎ። የጎደለው አንዲት ቃል ናት።"

ቃሏን ጨምራ እንደገና አስተረጎመች። ሽቦው ወደ ማቀዝቀዣው ተመለሰ፤ ቁጥሩ ከዜሮ ቢወርድም ደወሉ ጮኸ፤ ሐጂራ "ደንበኛ አባረራችሁብኝ!" እስክትል ጮኸ።

እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጽናት ቆመች። ምን እንደምትል አልመከርኋትም። የዓርቡን ሳትናገር ማለፍ ትችል ነበር።

"ዓርብ ይህ ደወል ዜሮ ላይ ዝም ብሎ ነበር" አለች። "ስሕተቱ የእኔ ነበር። አርሜዋለሁ።"

ሰው አጉረመረመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማዕረግ፣ "እንዲያ ከሆነ የተገዛው አይሻልም ነበር?" አላት።

"የተገዛው ጥሩ ነው፣ ጋሼ። ግን ውሉ ሲያልቅ እጄ ይታሰራል። በዚህኛው የሠራሁትን ለፈለገ ሁሉ እሰጣለሁ። እኔ አገር ብለቅ ሌላው ከፍቶ ይጠግነዋል።"

ማዕረግ ወደ እኔ አየ። አባቷ ነኝና ፍርዱን ለእነሱ ተውሁ።

ጥሩሸዋ ነጠላዋን አጣፋች። "ጥፋቱን በአደባባይ የሚናገር ባለሙያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። "የእኔ ማሳ ላይ ትከዪልኝ።" ከእሷ በኋላ እምቢ ያለ የለም።

ሣጥኖቹ በየማሳው ተተከሉ፤ ውርጩም አልዘገየም። ሊነጋጋ ሲል ደወሉ ጮኸ፤ ሰው ወጣ፤ ጭሱ ከማሳ ማሳ ተያያዘ። ጽናት መስተዋቱ አጠገብ ተንበርክካ ቁጥሩን ታያለች። ዜሮ ሲሆን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወደ ታች አለፈ። ደወሉ መጮኹን ቀጠለ።

ጥሩሸዋ ከጭሱ ውስጥ እየሳለች ጮኸች። "አፈወርቅ! ይቺ ልጅህ ዝም አትልም እንዴ?"

"አትልም" አልሁና ኩበት ጨመርሁ።