የጎደለው ስድስት ሜትር

ግዛቸው ከመንገድ ሥራ መሐንዲሱ የተዋሰውን ሜትር በወንዙ ዳር በተወጠረው የቃጫ ገመድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋው። አርባ አራት። ከችካል እስከ ችካል ሃምሳ መሆን ነበረበት። ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ከሁለት ዓመት በፊት ገመዱን ከቦንጋ ገበያ ገዝቶ፣ ደረቁን ለክቶ፣ በየልምምዱም ችካሎቹን በእሱ ልክ የተከለው ራሱ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያጥራል ብሎ ማን ይጠርጥር? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከብት አስሮ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የስፖርት መምህር! በዚህ ገመድ ተለክቶ ተማሪው ሠናይት በሃምሳ ሜትር ዋና የአገሪቱን ሪከርድ አሻሽላለች ተብሎ ለክልል ሪፖርት ሄዷል። ነገ ጠዋት መኪናው ለብሔራዊ ሻምፒዮናው ይዟት ይነሣል።

ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለአቶ ኃይለሚካኤል ደውሎ ነገራቸው። እሳቸውም ሪፖርቱ አንዴ ሄዷል፣ በግምገማም ተመስግነንበታል፣ አፍህን ያዝ አሉት። የመመዝገቢያውን ፎርም ግን የሚፈርመው እሱ ነው። ሲያሰላው፣ እውነቱን ከጻፈ ለውድድሩ የሚያበቃውን ሰዓት አታሟላም። ሐሰቱን ከጻፈ ደግሞ ከፈጣኖቹ መሃል አሰልፎ ሕዝብ ፊት ያዋርዳታል።

ሠናይት ልብሷን በፌስታል ይዛ ከመንደሯ ከማንኪራ በእግሯ ደረሰች። ሁሉንም ነገራት።

"ገመድ ሲርስ እንደሚያጥር አውቃለሁ" አለች ቀስ ብላ። "አባቴ ቀፎ የሚሰቅለው በገመድ ነው።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"እርስዎ መምህር ነዎት። አስበውበት ነው ብዬ ነው፣ ጋሽ ግዛቸው።"

ከስድስቱ ሜትር ይልቅ ይህ አደቀቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ትንፋሽና ስለ ክንድ ሲያስረዳ፣ አንድ ቀን እንኳ አንቺስ ምን ትያለሽ ብሏት አያውቅም።

እሷ ችካሉን ነቅላ ሜትሩ ሃምሳ ያለበት ቦታ ተከለችው። ሰዓት እንዲይዝ ነግራው ውሃው ውስጥ ገባች። እንደዚያ ስትዋኝ አይቷት አያውቅም። ችካሉን ስትነካ ሰዓቱን አቆመው። ከሚያበቃው ሰዓት በግማሽ ሰከንድ ዘግይታለች።

ግማሽ ሰከንድ ማን ያያል? አለ በልቡ።

"ስንት ገባሁ?" አለችው እያለከለከች።

መልሱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠውና ሰዓቱን አቀበላት።

"አንቺው አንብቢው። ፎርሙንም አንቺው ሙዪው።"

ሠናይት ሰዓቱን ደጋግማ አየችው። ከዚያ እጇን በሣሩ አደረቀችና ያነበበችውን ቁጥር እንዳለ ጻፈች። ግዛቸው ፈረመ።