የሊጎሪስ ክሮኮስ

እኛ የግሪኳ ማኒ ሰዎች የሟችን ስም የምናነሣው በልጅ ላይ ነው፤ በዘይቱ፣ በውሃው፣ በቄሱ ፊት። ያን ጊዜ ሟቹ ያርፋል። ለውሻ ወይም ለበቅሎ የሟች ስም የሚሰጥ ሰው ግን ሟቹን ከተኛበት ይቀሰቅሰዋል። አማቴ ጋሩፋሊያ ይህን ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የበኩር ልጇን ሊጎሪስን ባሕር በላው፣ ሬሳውም አልተገኘም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሎች እናቶች መቃብር ላይ ኩራዝ ሲያበሩ እሷ ኩራዟን ይዛ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ይገባት ነበር። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

የመጸው የመጀመሪያ ዝናብ እንደጣለ አንድ ሽማግሌ ከአቴና መጣ። ወይራው ሥር ተንበርክኮ ሐምራዊውን የክሮኮስ አበባ ሲያይ ዋለ። ቅጠል ሳያወጣ ራቁቱን፣ በረጅም ነጭ አንገት ከድንጋይ መሐል የሚወጣውን ማለት ነው።

«ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ።

«አበባ።»

ሳቀ። እስካሁን በየትኛውም መጽሐፍ እንዳልሰፈረ፣ የላቲን ስም ሊያወጣለት እንደሆነ ነገረን። አማቴ የተሸከመችውን ጭራሮ አወረደች።

«እንግዲያው የልጄን ስም ስጠው። ሊጎሪስ በለው።»

«እማማ! የሰው ስም ለሣር?»

«አንቺ ሙሽራ፣ አፍሽን ያዢ!»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ አበባው በዓለም ሁሉ የሊጎሪስ ክሮኮስ እንደሚባል ሲነግራት እጁን ሳመችው። እኔ ያን ጊዜ አራስ ነበርኩ። ልጄ ገና ክርስትና አልተነሣምና እንደ ልማዳችን «ዘንዶው» እያልን እንጠራው ነበር።

አበባው ከላይኛው እርከን ወርዶ አያውቅም። ያን መጸው ግን መጀመሪያ የታየው ባሕሩ ዳር ነው፤ ጨው ሁሉን በሚያቃጥልበት ጠጠር ላይ። ከዚያ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ፣ ከዚያ ደረጃችን ላይ። ሁሉም ወደ በራችን አዘንብሏል።

«ነፋስ ነው» አለ ባሌ ዲሞስ።

«ነፋሱ ከበራችን በኩል እየመጣ?»

አማተበና ወደ አህያው ሄደ። አማቴ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አበባውን ታባብለው ጀመር። «ቀስ እያልክ ና፣ የእኔ ጌታ። ለክርስትናው ትደርሳለህ። ስምህም ሰውነትህም ይጠብቁሃል።»

ሰውነትህ ስትል ወደ ልጄ አልጋ ሮጥኩ። ከወለሉ ድንጋይ መሐል አንድ ክሮኮስ ወጥቷል፤ ልጄ ዘንዶው የአበባውን አንገት ጨብጦታል። እጁን አስለቅቄ ስስመው ጨው ጨው አለኝ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ስሙን የሚያወጣለትን የክርስትና አባቱን ፓናጎስን ፈልጌ አገኘሁት።

«ሊጎሪስ ብለህ እንዳትሰይመው። ስትራቲስ በለው፣ በአባቴ ስም።»

«ጋሩፋሊያ ታርደኛለቻ!»

«እኔ ቀድሜያት አርድሃለሁ።»

በእኛ አገር እናት ክርስትናው ላይ አትገኝም፤ ስሙ እስኪመጣላት ቤት ትጠብቃለች። በሩ ላይ ቆሜ ደረጃውን አያለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ደጃፌ ያለው አበባ ተከደነ። ቀጥሎ ከሥሩ ያለው፣ ከዚያም የጉድጓዱ፤ እንዲህ እያለ እስከ ባሕሩ ወረደ። አማቴ ልጁን ታቅፋ ገባች። እርግማን ስጠብቅ ልጁን አስታቀፈችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም።

«ደጄ ደርሶ ነበር» አለች። «አንቺ ያንቺን ታቅፈሻል። የእኔን ለምን መለስሽብኝ?»

ልጄን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩት። አልጸጸተኝም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

አሁን ስትራቲስ አድጎ መሮጥ ጀምሯል። በስሙ ስንጠራው ዞር አይልም፤ ሐኪሙ ጆሮው ደህና ነው ብሏል። ቃል የሚባል ግን ካፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። አማቴ እሳት ዳር ኩርምት ብላ ነበር። ልጄ ከጭኔ ወረደና ሄዶ ጉልበቷን ያዘ።

«እማዬ» አላት፣ ጥርት አድርጎ። «ልብሴ እኮ እስካሁን አልደረቀም።»

የለበሰው ደረቅ ነበር፣ ጠዋት ከገመድ ያወረድኩት። አማቴ አልደነገጠችም። በጥቁር ነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አደረገችው። «ስጪኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም፤ እሱም ወደ እኔ አልዞረም።