ተነገራቸው የተባሉት

ዓይናዲስ በላስታ በአንድ የአፈር ምርምር ላቦራቶሪ የዕቅድና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ዕቅድ አርቅቃለች፣ ሪፖርት ጽፋለች፣ ለራዲዮ ዜና ልካለች። መስከረም ላይ "ይሠራል" ያሉትን ሰኔ ላይ "ተሠርቷል" ማለት ነው ሥራው፤ በመካከል የሚሠራ ሰው ከተገኘ እሰየው ነው።

የዘንድሮው ግን አላስቀምጥ አላስቆም አላት። በይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ካሉ ማሳዎች የመጣው አፈር ተመርምሮ ኮምጣጣ ሆኖ ተገኝቷል፤ አስቀድሞ ኖራ ካልተቀላቀለበት ማዳበሪያውም ዘሩም ከንቱ ነው። ኖራው በቀበሌው መጋዘን ተከምሯል። ውጤቱ ደግሞ በግንቦት መባቻ ወጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ኃላፊዋ አቶ ቢሆነኝ "መኪናው ጥገና ላይ ነው፤ አንቺ ብቻ ሪፖርቱን ጨርሺ" አሏት። ጨረሰች። "ለአርሶ አደሮቹ ውጤቱ ተገልጾላቸዋል" ብላ ጻፈች፤ ራዲዮውም ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ አስተጋባ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች።

ሐሙስ ጠዋት ቄስ ወልደ ኪዳን መጡ። ከማሳቸው አፈሩን በገዛ እጃቸው ቆፍረው የሰጧት እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን አሳለሟትና ተቀመጡ።

"ልጄ፣ እንደነገራችሁን በራዲዮ ሰማሁ።"

"አዎ፣ አባ..."

"ምን ብላችሁ ነው የነገራችሁን?"

ዓይናዲስ አንገቷን ደፋች። ቀስ ብላ፣ "ዘርተዋል እንዴ?" አለች።

"ዘራሁ እንጂ! መሬታቸው ለታመመባቸው ነግረዋቸዋል፣ የኔ ደህና ቢሆን ነው ዝም ያሉኝ ብዬ ትናንት ጨረስኩ። ጎረቤቶቼ ግን ገና ናቸው፤ ማን ይሆን የተነገረው እያሉ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።"

እውነቱን ነገረቻቸው። ቄሱ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"የኔስ አንዴ አመለጠ" አሉ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይና ለነሱ ንገሪ።"

አቶ ቢሆነኝ ይህን ሲሰሙ ጮኹ። "ተነግሯቸዋል ብለን እንደገና ልንነግራቸው? በገዛ አፋችን ልንጋለጥ? ከሄድሽ ግምገማ ላይ እንዳታለቅሺ!"

ዓይናዲስ ግምገማን ትፈራለች፤ ስንቱ በዚያ ስብሰባ ከወንበሩ ሲነሳ አይታለች። ሆኖም ቅዳሜ ውጤቱን በቦርሳዋ ይዛ በእግሯ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ልመለስ፣ አልመለስ ስትል ደረሰች።

በማግስቱ ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ ወልደ ኪዳን ሕዝቡን አስቀመጡ። "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ብለው ቦታውን ለቀቁላት። ውጤቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

"ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ውጤቱ ተገለጸላቸው ተብሎ በራዲዮ የተነገረው ሐሰት ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው፣ "እሱንማ እናውቃለን፤ ያልተነገረን እኮ እኛ ነን" አሉ። "ይልቅ ውጤቱን ንገሪን።"