የወይዘሮ ወርቅአየሁ ቤት ማዕዘን

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ቀድመሽ ስላሳወቅሽን» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ የቀርከሃ አጥራቸውን በር በአንድ እጃቸው ይዘው።

ሰርክአዲስ ደነገጠች። ሰው በድንገት ሲያናግራት መደንገጥ ልማዷ ነው። የብስክሌት መንገድ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ ድርጅት ጀማሪ መሐንዲስ ሆና እንጅባራ ከገባች ሰባት ወር ቢሆናትም፣ «ኢንጂነር» ብለው ሲጠሯት እስካሁን ዞር ብላ ከኋላዋ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ለብስክሌቱ መንገድ ደጁ ሲቆፈር ነዋሪው ለጥቂት ቀን መግቢያ እንደሚቸገር ሠራተኞቹ በየቤቱ እየዞሩ ተናግረው ነበር። የአሮጊቷ ምስጋና ለዚያ መሰላት።

«ኧረ ምንም አይደል እማማ፤ ግዴታችን ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ትንሽ ያስቸግርዎታል እንጂ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«እስከ አርብ። ከአርብ አያልፍም።»

«አርብ!» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ። «ደርሷላ።»

«ቶሎ ቢያልቅ ለእርስዎም ይሻላል።»

የአሮጊቷ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ሰርክአዲስ አይታለች። «ምነው እማማ?» ለማለት አስባ አፏ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጠችው፤ የሚያለቅስ ሰው መጠየቅ ድፍረት ይመስላታል። «ደኅና ይዋሉ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕና ሐሙስ ድርጅቱ ለሌላ ሥራ ዳንግላ ላካት። አርብ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመልሳ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሥራው ቦታ ላይ ተገኘች። ከመናኸሪያው ተነሥቶ ከተማውን የሚያቋርጠው አዲሱ የብስክሌት መንገድ አልቋል ለማለት የቀረው ስልሳ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም በወይዘሮ ወርቅአየሁ ደጅ የሚያልፈው። ቁፋሮው ተጠናቋል፤ ከፍታው ተለክቶ ንጣፉ ቅዳሜ ይነጠፋል፣ እሑድ ይመረቃል። ባንዲራው ሳይቀር ተሰቅሏል።

ከፍታ የሚለካበትን መነጽር በሦስት እግሩ አቆመችና ዓይኗን አስጠጋች። የፈለገችው የወይዘሮ ወርቅአየሁን ቤት ማዕዘን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በማዕዘኑ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም መስቀልና ቁጥር የቀባችው ራሷ ናት። የከፍታ መነሻ ምልክት የሚደረገው በማይነቃነቅ ነገር ላይ ስለሆነ፣ ሰፈሩን ዞር ዞር ብላ አይታ የመረጠችው ያንን ቤት ነበር።

በመነጽሩ ውስጥ የታየቻት ላም ናት። ላሟ ቆማ ታመነዥጋለች።

«ጋሼ አወቀ፣ መነጽሩን ነክተውት ነበር እንዴ?» አለች የመለኪያውን ዘንግ ወደያዘው ጎልማሳ ዞራ።

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

ቀና አለች። ላሟ እውነተኛ ናት፤ የጎረቤት ጓሮ ውስጥ ነች። በላሟና በመንገዱ መካከል የነበረው ቤት የለም።

ሰርክአዲስ ቆማ ቀረች። አካባቢውን የተሳሳተች መስሏት ቀኝና ግራዋን አየች። የቀርከሃው አጥር አለ፤ በሩም አለ። ከበሩ ወዲያ በእበት የተለቀለቀ ወለል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል፤ ዙሪያውን የምሰሶ ጉድጓዶች አፋቸውን ከፍተዋል። ቆርቆሮው በልክ በልኩ ተደርድሮ፣ እንጨቱ በገመድ ታስሮ በአይሱዙ ላይ ተጭኗል። ሁለት ሴቶች መሬት ተቀምጠው የጎበጠ ሚስማር በድንጋይ እየቀጠቀጡ ያቀናሉ።

«ቤቱን... ቤቱን ማን አፈረሰው?»

«እኛ ነና!» አለ የወይዘሮ ወርቅአየሁ ታናሽ ወንድም ዓለምነው፣ ከጭነቱ ላይ ገመድ እያጠበቀ። «ትናንት በጅጌ። ከዘንገና ድረስ ዘመድ ጠርተን አርባ ሰው ወጣ። ማሽኑ እስኪመጣ ብንጠብቅ ቆርቆሮውን አጨማዶ ነበር የሚያስረክበን። ይኸው አንዲት ሚስማር አልጠፋችም።»

«ከቀነ ገደቡ በፊት ነው የጨረስንልሽ» አለ ሌላው። «ሸልሚን እንጂ ኢንጂነሯ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሰርክአዲስ የቀባችው ቀይ መስቀል ትዝ አላት። ቀይ ቀለም የተቀባ ቤት ምን እንደሚሆን በየከተማው ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀለሙን ስትቀባ ግን እሷ ይህን አላሰበችም፤ ለእሷ ቁጥር ነበር።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ የታሰረ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ጫግኒ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው» አሏት። «አንድ ቀን ውዬበት አላውቅም፤ ያን ሙቀት እንዴት እንደምችለው እንጃ።»

አለቃዋ ኢንጂነር ባንተአምላክ በሞተር ሳይክሉ ደረሰ። ቦታውን አየና እሷን ወደ ዳር ሳብ አደረጋት።

«ማን አስነሣቸው?»

«ማንም። የከፍታ ምልክቴን አይተው ነው... ይፈርሳል መስሏቸው።»

ባንተአምላክ ለአፍታ አፈጠጠባት። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ የደስታ ነበር።

«እዚህ ጋ ጠቦብን ስንጨነቅ አልነበረም እንዴ? አንድ ሜትር ከሃያ! አሁን ሙሉ ስፋቱን አገኘን።»

«በስህተት እኮ ነው ኢንጂነር።»

«በፈቃዳቸው ነው ያፈረሱት። ማንም ደብዳቤ አልጻፈላቸውም፤ አንቺም ፍረሱ አላልሽም። ዝም በይ። ዝም ማለት ደግሞ ታውቂበታለሽ።»

ከተናገረው ሁሉ የመጨረሻዋ ቃል እዚያው ላይ አደረቀቻት። ሰባት ወር ሙሉ በየስብሰባው አጠገቡ ተቀምጣ ዝም ብላለች፤ እሱም ሲቆጥር ኖሯል።

አይሱዙው ሞተሩን አስነሣ። ወይዘሮ ወርቅአየሁን ደግፈው ከሹፌሩ አጠገብ ሊያስቀምጧቸው ነው። ሰርክአዲስ ሳታስበው ወደ መኪናው ተራመደች። የምትናገረውን የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። የመኪናውን በር በመዳፏ ደበደበች።

«አጥፋው! ሞተሩን አጥፋው!»

ድምፁ የእሷ መሆኑን እሷም አላመነችም። ሞተሩ ጠፋ። የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ቤቱ አይፈርስም ነበር» አለች። «ቀዩን ምልክት የቀባሁት እኔ ነኝ። ለመለኪያ ነው። እማማ፣ ቤትዎ ከመንገዱ ውጪ ነው። መንገዱ በደጅዎ ያልፋል እንጂ አይነካዎትም።»

የሚስማሩ ቅጥቀጣ ቆመ። አንዱ ለዘንገናዎቹ በአዊኛ ሲነግራቸው ተሰማ፤ እነሱም አንድ ጊዜ እርስ በርስ ተያዩና ወደ ባዶው ወለል ዞሩ። ዓለምነው ገመዱን እንደያዘ ከጭነቱ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አርብ አላልሽኝም?» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ።

«ብያለሁ። ቁፋሮው የሚያልቅበትን ነበር።»

«እግዜር ይስጥሽ ስልሽስ?»

«ለቁፋሮው መስሎኝ ነው።»

«ማልቀሴንስ አላየሽም?»

«አይቻለሁ እማማ። መጠየቅ አፍሬ ነው።»

አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ምሰሶውን ስሜ ተሰናብቼው እኮ ነው» አሉ፤ ለማን እንደሚሉት ሳይታወቅ። «አባወራዬ የተከለውን ምሰሶ።» ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

ዓለምነው ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አራት ተኩል» አለ ሹፌሩ።

«አውርዱ!» ብሎ ዓለምነው ከጭነቱ ላይ ዘለለ። «ዛሬ ከቆመ ጥገና ነው። ሰኞ ከቆመ አዲስ ግንባታ ነው፤ ፈቃድ አምጡ፣ በዋና መንገድ ዳር ፎቅ ነው የሚሠራው ይለናል ማዘጋጃ ቤቱ። እኛ ደግሞ ፎቅ በጅጌ አንሠራም!»

የሳቀ አልነበረም፤ እጆች ግን ወደ ጭነቱ ተዘረጉ። ዓለምነው ወደ ሰርክአዲስ መጣ።

«አንቺ ደግሞ አሁን ያልሽውን በወረቀት ትጽፊልናለሽ። በስምሽ።»

«ሰርክአዲስ!» አለ ባንተአምላክ ከወዲያ። «የምታደርጊውን እወቂ። ከጻፍሽ ሥራሽ አበቃ።»

ከመስክ ደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደች። የመጀመሪያው ወረቀት ስለተበላሸባት ሌላ ቀደደች። ምልክቱን የቀባችበትን ቀን፣ ምልክቱ ለከፍታ መለኪያ መሆኑን፣ ቤቱ ከመንገዱ ክልል ውጪ መሆኑንና የፈረሰው በእሷ ጥፋት መሆኑን ጽፋ ከነሙሉ ስሟ ፈረመች። ወረቀቱን ለዓለምነው ሰጠችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምሰሶዎቹ በየጉድጓዳቸው ቆመው፣ ግማሹ ጣሪያ ለብሶ ነበር። እሑድ የብስክሌቱ መንገድ ተመረቀ፤ በወይዘሮ ወርቅአየሁ ደጅ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰርክአዲስ ከሥራ ተሰናበተች።